የሞቱ ጥዶችን ልቆፍር የወጣሁበት መንገድ

በደል ተሠርቶብኛል፤ እሱን አስቀድሜ ልጻፍ። ከኮሶዬ ማዶ ባለ አንድ የሚካኤል ደብር ዙሪያ የሚተከል አራት መቶ የጥድ ችግኝ በእጄ አፍልቼ አደረስኩ። ችግኙ በዓመቱ ደረቀ። የደብሩን ግቢና ንብረት የሚያስተዳድሩት ቄሰ ገበዝ አስረስ «ይህ ሰው የበሰበሰ ችግኝ አምጥቶ ሕዝቡን በከንቱ አደከመ» ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ለምሠራበት ችግኝ ጣቢያ እንዳደርስ የሰጡት፣ የችግኙን መድረቅ ሳልሰማ ለሌላ ሥራ ኮሶዬ በወጣሁበት ቀን፣ ለእኔው ነው። ማንበብ አልችልም ነበር። የምስጋና መስሎኝ እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቅሁ በቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ፤ ለአለቃዬም በሁለት እጄ ሰጠሁት። በሳምንቱ ከሥራ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ጎንደር ላይ «የደሴ እጅ ያደርቃል» ተባለ። በእኛ አገር ሰው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሲያስተክል ከችግኙ በፊት የሚጠይቀው የተካዩን እጅ ነው። እጁ የማይባርክ ከተባለ ጉድጓድ እንኳ አያስቆፍሩትም። ፊደል የቆጠርኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ከልጆች እናቶች ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጬ። ያስተማረኝ ፍላጎት አይደለም፤ ንዴት ነው።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይህንንም ልጻፍ፦ እኔም በእጄ ተጠራጥሬ ነበር። ችግኙ ጎንደር ሙቀት ላይ ያደገ ነው። ከኮሶዬ በላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ሳላለማምደው አውጥቼ የገደልኩት እኔ እንደሆንስ? ይህ ጥያቄ ሲበላኝ ኖረ።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ጥሩዬ የምትባል የዚያ ደብር ሴት ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አየችኝ።

«አያ ደሴ፣ ምነው ጠፋህ? ጥዶችህ እኮ ቤቴን አጠሩት» አለች።

«የትኞቹ ጥዶች?»

«ሲተከል የተረፉትን ስድስቱን ወስጄ አልነበር? ሸጋ ሆነዋል።»

ስድስቱ ከአራት መቶው ጋር ከአንድ መደብ የወጡ፣ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። አራት መቶው ሞቶ ስድስቱ ለምን ዳነ? ወጥቼ የሞተውን ልቆፍርና ሥሩን ልይ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ አርፌ ልቀመጥ፤ ካልሆነ ሰው ፊት ይነገርልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ዓመታዊው ሚካኤል ነውና ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ጥዱን ነቅዬ አሳያለሁ ብዬ ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን የምሠራው ቀሐ ወንዝ አጠገብ በሐጅ ኑሩ ግቢ ነው። ሐጅ ነጋዴ ናቸው። ስሜ የጠፋ ጊዜ ጎንደር ላይ ግቢያቸውን ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የሰንሰል አጥራቸውን እከረክማለሁ፤ ወይራውንና ጽጌረዳውን እይዛለሁ። ፈቃድ ስጠይቃቸው፣

«ለጠብ ነው ለዛፍ የምትሄደው?» አሉኝ።

«ለሁለቱም ነው፣ ሐጅ።»

«ለዛፉ ሁለት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ለጠቡ የምሰጠው ቀን የለኝም። የኔን ዶማ ውሰድ፤ ያንተ እጀታው ላልቷል።»

መናኸሪያ የደረስኩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዋጋው ሠላሳ ብር ነው። ረዳቱ ዶማዬን አይቶ፣

«አባባ፣ ዶማው ይከፍላል» አለ።

«ዶማ መች ይቀመጣል፤ ቆሞ ነው የሚሄደው።»

«ከቆመማ ትርፍ ነው፤ ትራፊክ ያስቀጣኛል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ዶማውን ከወንበር ስር አስገባልኝ፤ አላስከፈለኝም።

ከጎንደር ሲወጣ መንገዱ ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ አልወድም። ሥሩ ስስታም ነው፤ ከሥሩ ሣር አያስጠጋም። ግን ቤት የሚሠራው በእሱ ነው፤ የሚነደውም እሱ ነው፤ ገበሬውን ልወቅሰው አልችልም። ከፍ እያሉ ሲሄዱ አየሩ ይቀጥናል፤ ዳገቱ ላይ የአምጃው ቢጫ አበባና የቀጋው ቁጥቋጦ ይታያል። ቀጋ ማለት እሾሁ ከብት የሚከለክል፣ አበባው ነጭ የሆነ የደጋ ጽጌረዳ ነው። ማንም ሳይተክለው ከማንኛውም የከተማ አጥር በልጦ ቆሟል። አትክልተኛ ነኝ ብዬ እንዳልኮራ የሚያደርገኝ ይህን የመሰለው ነው።

ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ ኮቴን አልፎ ገባ። አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል። መንገድ ዳር ካለች ቤት ገብቼ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ሃያ ብር፣ ሻይ አምስት ብር ከፈልኩ። ደጃፏ ላይ አንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ ቀዩ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ። ባለቤቲቱን፣

«ልጅ አላወጣም?» አልኳት።

«ያወጣል፤ ፍየል ይበላዋል።»

«ለምን አታጥሩለትም?»

«አንተ ደግሞ ድንቹን ብላ። ለልጆቼም አጥር የለኝ» አለች።

ሁለተኛ ድንች አዘዝኩ። ሙቀቱ ደስ ብሎኝ እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ አልኩ። በኋላ የቆጨኝ ይህ መቀመጥ ነው።

ከኮሶዬ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ገብስ እየታጨደ ነበር። ደብሩ ደጅ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጥዶቹን አየኋቸው። በቅጥሩ ዙሪያ በሁለት ረድፍ ያመለከትኳቸው ቦታ ላይ የደረቁ ጭራሮዎች ቆመዋል፤ አንዳንዱ ወድቋል፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ ቀርቷል። ረድፉ ግን ቀጥ ያለ ነው። ገመድ ዘርግቼ የለካሁት እኔ ነኝ።

ቄሰ ገበዝ አስረስ በሩ ላይ ነበሩ። አወቁኝ። መስቀላቸውን ሰጡኝ፤ ተሳለምኩ። መስቀሉን ነው የተሳለምኩት፣ እሳቸውን አይደለም።

«እንኳን ለዋዜማው አደረሰህ። ዶማው ምንድን ነው?»

«ልቆፍር ነው የመጣሁት።»

«ምን ትቆፍራለህ?»

«የሞተውን። ሥሩን ላይ።»

«ደወሉ ተደውሏል፤ ዋዜማ ቆመናል። ነገ ሚካኤል ነው። ከነገ ወዲያ ቀዳሚት ናት፤ ቀጥሎ ሰንበት ነው። ሰኞ ቆፍር» አሉ። ቀጥለውም «ዶማህን ዕቃ ቤት አስቀምጠው። በበዓል ዶማ ይዞ የሚዞር ሰው ይታዘቡታል» አሉኝ።

ዶማውን ከትከሻዬ አወረድኩ። ደጋ ተወልጄ፣ በሚካኤል ቀን አፈር እንደማይነካ፣ ቅዳሜም ገበሬው በሬ እንደማይጠምድ እያወቅሁ፣ ንዴቴ ቀን አስቆጥሮኝ ቀኑን አስረሳኝ። ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን መረጥኩ፤ የሚሰበሰበው ሥራ ፈትቶ መሆኑን ግን ዘነጋሁ። ድንቹን ባልደግም ኖሮ ከደወሉ በፊት እደርስ ነበር። ዶማውን አስረከብኩ። ጥሩዬና ባሏ አበጀ ቤት አደርኩ፤ ምንም ሳይጠይቁ አጎዛ አነጠፉልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ስድስቱን ጥዶች አየሁ። ከቁመቴ አልፈዋል። ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጫፋቸው ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ፀሐይ ሲነካው ይንጠባጠብ ነበር። ውርጭ አልገደላቸውም ማለት ነው። ግንዱን በመዳፌ ያዝኩትና ብዙ ቆየሁ። ሰው ቢያየኝ ምን እንደምለው አላውቅም።

ከቤቱ ጥግ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የጎመን ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ተደርድሯል። ላስቲኩን አውቀዋለሁ፤ እኔ አፈር የሞላሁበት ነው።

«ጥሩዬ፣ ይህን ላስቲክ ከየት አመጣሽው?»

«ከጥዶችህ ነዋ። ሲያምር ጊዜ ለጎመን ማፍያ ይሆነኛል ብዬ ገፍፌ ወሰድኩት። ምነው፣ መልሺ ልትለኝ ነው?»

«የሌሎቹስ ላስቲክ?»

«እነሱማ ከነልብሳቸው ነው የተቀበሩት። ቄሰ ገበዝ ‹ሕፃን ናቸው፣ ብርድ ነው፣ ልብሳቸውን አትግፈፏቸው› አሉ። ሁሉም እንዳሉት አደረገ። እኔ ብቻ ነኝ ለላስቲክ የጎመጀሁት።»

ነገሩ ገባኝ። ከላስቲኩ ያልወጣ ሥር መሄጃ ያጣና ራሱን ይጠመጥማል። ክረምቱን በተሸከመው አፈር ያልፋል፤ በበጋ ጥም ይገድለዋል። ዶማዬ ግን ዕቃ ቤት ነው፤ ቀኑም ሚካኤል ነው።

ታቦቱ ወጣ፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞላው። መካከል ገብቼ ልጩህ? ማስረጃው አፈር ውስጥ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሚጮህ ሰው ደግሞ እብድ ይባላል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ቄሰ ገበዝ ሰው ልከው አስጠሩኝና ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡኝ። የበዓሉ ዳቦና ጠላ ነበር፤ ዓርብ ስለሆነ ወጡ የባቄላ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት አያ ዋሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጆሮአቸው ስለሚከብድ ጮኸው ነው የሚናገሩት።

«ይኼ ነው ጥዱን የፈጀው?» ብለው ጠየቁ።

ሰው አፈረ። እኔ «እኔ ነኝ ተብሏል» አልኩ።

«እስቲ እጅህን።» እጄን ይዘው ገለባበጡት። «ሌባ እጅ አይደለም፤ ሻካራ ነው። ብላ።»

በላሁ። ስሜን ባጠፉት ሰው እጅ የተቆረሰ ዳቦ ነው። ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡ አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሥራ የለም። ለሐጅ በአበጀ ስልክ ደውዬ ሰኞ ልመለስ ነው አልኳቸው። «ገምቼ ነበር» ብለው ዘጉት።

በቅጥሩ ውስጥ ዞርኩ። ከጥንት የቆሙ ወይራዎችና ሁለት ትልልቅ ጥዶች አሉ፤ ከሥራቸው ቀዝቃዛ ጥላ አለ። እነዚህን ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ስሙ ጠፍቷል፤ እጁ ግን ቆሟል። ይህን ሳስብ ልቤ ትንሽ ረጋ።

ሲረጋ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። የዚያን ቀን እኔ የት ነበርኩ? ችግኙን አራገፍኩ፤ ገመዱን ዘረጋሁ፤ የጉድጓዱን ጥልቀት በክንዴ አሳየሁ። መኪናው ሊመለስ ነው ሲባል ተሳፍሬ ወረድኩ። «ስትተክሉ ላስቲኩን ቅደዱ» አላልኩም። ችግኝ ጣቢያ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ዳቦ ሲበላ አፍ ይከፈታል እንደማለት ነው፤ ማን ይናገረዋል? እነሱ ግን ከዚያ በፊት የላስቲክ ችግኝ አይተው አያውቁም። ባህር ዛፍ ነቅለው በባዶ ሥሩ ነው የሚተክሉት። አንድ ቃል ነበረች የቀረችው፤ የኔ ቃል።

ይህን ከማወቅ አለማወቄ ይሻለኝ ነበር። ንጹሕ ተበዳይ ሆኜ ነበር የወጣሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝ ወደ ተቀመጥኩበት መጡ። ብቻቸውን ነበሩ።

«ደሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ደብዳቤ በሰጠሁህ ጊዜ ለምን አንዲት ቃል ሳትመልስ ሄድክ?»

«ምን ብዬ ልመልስ?»

«ሳላሽግ የሰጠሁህ እኮ አንብበህ እንድትናገረኝ ነው። ከተቆጣህ እንነጋገራለን፤ ደብዳቤውም ይቀራል ብዬ ነበር። አንተ አመስግነህ ይዘኸው ሄድክ። ይኼ ሰው ጥፋቱን አምኗል አልኩ።»

«አላነበብኩትም፣ አባቴ።»

«ምነው?»

«ማንበብ አልችልም ነበር።»

ቄሰ ገበዝ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው አስተካከሉት። «ከተማ ያለ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ያነባል ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ማንበብ እንደማልችል አውቀው ነው የቀለዱብኝ» ስል ነበር የኖርኩት። ይህን ያህል ጊዜ የያዝኩት ጥላቻ ግማሹ መሠረት እንደሌለው በአንድ ጊዜ ሲታወቅ ደስ አይልም። ያማል።

ስለ ላስቲኩ ያን ዕለት አልነገርኳቸውም። አፈሩ ራሱ ይናገር አልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው። ጠዋት ዶማዬን ተቀበልኩ። አያ ዋሴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ገበሬዎችም ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። ቄሰ ገበዝ «የፈለግኸውን ምረጥ» አሉኝ። «እርስዎ ይምረጡ» አልኩ፤ መርጦ ቆፈረ እንዳልባል። በበሩ በስተቀኝ ያለውን አመለከቱ። ራሳቸው በእጃቸው የተከሉት እሱን ነበር።

ቆፈርኩ። ብዙም አልጠለቀ። ላስቲኩ እንደተቀበረ ነው፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም። አውጥቼ በቢላዋ ሰነጠቅሁት። ሥሩ እንደ ገመድ ጥቅልል ዞሮ ዞሮ ራሱን አንቆ ነበር። ሁለተኛውን ቆፈርኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ሳነሣ አያ ዋሴ፣

«በቃ። የሞተ አታሰቃይ» አሉ።

ጥሩዬ ከኋላ ቆማ «እኔ እኮ ለጎመን ብዬ ነው» አለች ለራሷ ያህል። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዝ አየ።

ቄሰ ገበዝ ሥሩን ተቀብለው አገላበጡት። «በርዷቸው እንዳይሞቱ ነው ያልኩት» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ አነሡ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይቆማል፤ ማረኝ ማለቱ ነው። ቄስ ሲሸከም ግን አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም ደነገጡ።

ያን ጊዜ ዘልዬ ከጫንቃቸው አወረድኩት ብል ውሸት ነው። ትንሽ ቆየሁ። ልየው ብዬ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነበርና ዓይኔን አጠገብኩት። ስጠግበው ግን ደስታ አልነበረበትም፤ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ጉልበት ነበር። ሄጄ ድንጋዩን አወረድኩ።

«ይፍቱኝ» አልኩ። «ላስቲኩ መቀደድ እንዳለበት አልነገርኳችሁም። መኪናው ሊሄድ ነው ብዬ ጥያችሁ ወረድኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

«ስንት ስንት?» አሉ አያ ዋሴ።

«ምን?»

«ጥፋቱ። ስንት ያንተ፣ ስንት የሳቸው?»

«እኩል ይሁን።»

«እኩል ከሆነ ፍርዱ ቀላል ነው» አሉ አያ ዋሴ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ደብሩ በሰኔ አራት መቶ ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔ አራት መቶ ችግኝ አፍልቼ አመጣለሁ፤ የመጨረሻው ላስቲክ እስኪቀደድ ከደብሩ አልወጣም። ደብዳቤው በጽሑፍ ቢሄድም ስም የጠፋው በሰው አፍ ነውና፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ጎንደር ወርደው በችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ፊት ቃሉን ያነሣሉ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ አለቀ አይባልም ተባለ። እኔም ከቤቴ ስነሣ «ሰው ፊት ይነገርልኝ» ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተነሣሁ። ጥሩዬ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ሰጠችኝ፤ አበጀ እስከ ኮሶዬ ሸኘኝ። ማታ ጎንደር ገባሁ፤ በማግስቱ የሰንሰሉን አጥር መከርከም ጀመርኩ። ከአራት ቀን በኋላ ስመለስ አድጎ ጠበቀኝ።

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም፤ አፌ ላይ ይከብዳል። በወረቀት ላይ ግን ይቀለኛልና ልጻፈው። በሚካኤል ቀን መቆፈር ስለተከለከልኩ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ቆፍሬ ቢሆን ኖሮ ሥሩን በሕዝብ ፊት አሳይቼ፣ ቄሱን አዋርጄ፣ የራሴን ጥፋት ሳላውቅ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ሦስቱ የሥራ ፈት ቀናት ናቸው ያስተማሩኝ። ስለበላሁት ዳቦ አመሰግናለሁ። ስድስት ችግኝ ለላስቲኩ ስትል ስለወሰደች ሴት አመሰግናለሁ። ለሚተክል ሰው የምመክረው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ላስቲኩን ቅደዱ፤ ለምትሰጡትም ሰው «ቅደደው» በሉት። ያውቃል ብላችሁ አትለፉ።

አያ ዋሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወርደው፣ ችግኝ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በመደቦቹ መካከል ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው እየጮሁ «የደሴ እጅ አያደርቅም» ያሉት ሐሙስ፣ ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።